ከሃምሳ በኋላ ተራራ መጀመር፦ ከታቦር እስከ ወንዶ ገነት

ለሀዋሳ ሰው ተራራ ሩቅ አገር አይደለም። ታቦር ከመንደሩ መሐል ብድግ ብሎ ቆሟል። በደቡብ በኩል አላሙራ ከከተማው ዳርቻ ተገትሯል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የወንዶ ገነት ሸንተረር አድማሱን ዘግቶታል። ከተማውም ሐይቁም ያረፉበት ጎድጓዳ ራሱ በጥንት ዘመን ፈንድቶ ወደ ውስጥ የሰመጠ ሰፊ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው።

ሆኖም ሃምሳና ስድሳን ያለፈው ነዋሪ ታቦርን በአብዛኛው የሚያውቀው ከታች ቀና ብሎ በማየት ነው። ልውጣ ቢልም «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ተራራ ላይ ምን ሊሠሩ ነው?» የሚል ልጅ በየቤቱ አይጠፋም። የልጁ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የተሳሳተው የሚሰጋበት ቦታ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው አቀበቱን ነው። አቀበት ግን ሐቀኛ ነው፤ ሲከብድ ወዲያው ይናገራል፣ ሰውም ቆም ብሎ ያርፋል። ተንሸራቶ መውደቅ፣ የጉልበት ማበጥና የጣት ጥፍር መጥቆር የሚመጡት ቁልቁለት ላይ ነው። ያውም ሰውነት ዝሎ፣ ፀሐይ በርትታ፣ «አሁንማ አለቀ» ተብሎ ጥንቃቄው ከላላ በኋላ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሞላ ጎደል ስለ መውረድ ነው።

አንደኛ፦ ሐኪሙን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ

ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ስፖርት ልጀምር ነው» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ «ጥሩ ነው፣ ይበርቱ» ከማለት አያልፍም። ይልቁንስ እንዲህ ይበሉ፦ «ሁለት ሰዓት ያህል አቀበትና ቁልቁለት ልሄድ ነው፤ የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው።» መድኃኒቶቹንም ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ስማቸውን በቃል ለመናገር መሞከር ለስህተት ይዳርጋል።

በተለይ ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች ተራራ ላይ ጠባያቸው ይለያል። አንደኛው ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ከዚህ ወገን ናቸው። ላብ ሲጨመርበት የሰውነት ውኃ ቶሎ ይጎድላል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱም ዓይን ይጨልማል። ሁለተኛው አቴኖሎልና መሰሎቹ የግፊት መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ የልብ ምትን ስለሚይዙ በሰዓት ወይም በስልክ የልብ ምት እየቆጠሩ ድካምን መለካት አያስተማምንም፤ ሰውየው አቅሙን ጨርሶም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሦስተኛው ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለው የስኳር ክኒን ነው። ረጅም እግር ጉዞ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ መውረዱ በጉዞው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ማታም ሊከሰት ይችላል። መጠኑን በራስዎ ፈቃድ አይቀንሱ፤ ለጉዞ ቀን ምን ማድረግ እንዳለብዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ከረሜላ ወይም ስኳር ደግሞ ከኪስዎ አይጥፋ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ብቻ ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ በጣም አነስተኛ ነው።

በእረፍት ላይ እያሉ የተለካው የደም ግፊት 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተራራው ይቆይ። ሜዳ ላይ ሲራመድ ደረቱን የሚጨብጠው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከዚህ ቀደም ራሱን ስቶ የወደቀ ሰውም ከሁሉ በፊት የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው ሰው፣ ግፊቱ ወይም ስኳሩ በመድኃኒት የተያዘለትም ጭምር፣ ቀስ ብሎ መጀመር ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሐይቁ ዳር ስድስት ሳምንት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ለሀዋሳ ሰው ይህን ለመፈጸም ከሐይቁ ዳር የተሻለ ቦታ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቅር ሐይቅ ተነስተው ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ ይራመዱ፤ ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሹም ተኮፍሰው ድርሻቸውን ሲጠብቁ ይደርሳሉ።

ፍጥነትዎን በሰዓት መለካት አያስፈልግም፤ አፍዎ ይበቃል። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ ዘፈን ማዜም ግን ካቃተዎት ልኩ ይህ ነው። ማዜም ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። በየሦስት ቃሉ ትንፋሽ የሚወስዱ ከሆነ ይቀንሱ። አቴኖሎል ለሚወስድ ሰውም የሚያገለግለው መለኪያ ይኸው ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሳያርፉ አንድ ሰዓት መሄድ ከቻሉ ሳንባና ልብዎ ለታቦር ዝግጁ ናቸው። እግርዎ ግን ገና ነው። የሀዋሳ መሬት ሜዳ ነው፤ በብስክሌትም በእግርም ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ጠንካራ እግር ሊኖራቸው ይችላል፤ ቁልቁለት የሚጠይቀውን ሥራ ግን ያ እግር አያውቀውም።

ሦስተኛ፦ መውረድን ቤት ውስጥ መለማመድ

አቀበት ሲወጡ የጭን የፊት ጡንቻ እየተኮማተረ ሰውነትን ያነሳል። ሲወርዱ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ይህ ሁለተኛው ሥራ ትንፋሽን አያስጨንቅም፤ ስለዚህ ሰው ቀላል ይመስለዋል። በጡንቻው ላይ የሚያደርሰው መሰነጣጠቅ ግን የበለጠ ነው። መገጣጠሚያውም አያርፍም፤ ደረጃ ሲወርዱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ማለት ነው። ይህን ጫና ከመገጣጠሚያው ላይ የሚቀበለው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ካልሠለጠነ ጫናው ሁሉ አጥንት ላይ ያርፋል።

ልምምዱ የሚፈልገው አንድ የደረጃ እርከንና አንድ ወንበር ብቻ ነው።

እጅዎን ግድግዳ ላይ ወይም የደረጃው መደገፊያ ላይ አሳርፈው ዝቅተኛ እርከን ላይ በቀኝ እግርዎ ይቁሙ። ግራ እግርዎን ወደ ፊት አውጥተው ወደ ታች ያውርዱ፤ በልብዎ እስከ አራት እየቆጠሩ፣ ተረከዝዎ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ቀስ ብለው። ተረከዝዎ ሲነካ ክብደትዎን ሳይጥሉበት ይመለሱ። አሁን ዓይንዎ ቀኝ ጉልበትዎ ላይ ይሁን፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው ጉልበት ከታጠፈ እርከኑ ለእርስዎ ከፍ ብሏል፤ ዝቅ ያለ ይፈልጉ። ጉልበቱ ከእግር ጣቶችዎ ጋር በአንድ መስመር መቆየት አለበት። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በመጀመሪያው ቀን አሥር ካልሞላ አምስት ይበቃል።

ሁለተኛው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፤ ዋናው መቀመጡ ነው። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይነሱ፤ ሲቀመጡ ግን ዘፍ አይበሉ፤ በአራት ቆጠራ ይውረዱ። ሦስተኛው በአንድ እግር መቆም ነው፤ ግድግዳ አጠገብ፣ ከአሥር ሴኮንድ ጀምሮ እስከ ሠላሳ። ቡና እስኪፈላ የሚሠራ ነው፤ ቤተሰብ ይስቃል፤ ይሳቅ።

እነዚህን ከሐይቅ ዳሩ ጉዞ ጎን ለጎን ለስድስት ሳምንት ያድርጉ። ከዚያም ሊፍት ያለው ሕንፃ ሲገቡ በተለምዶ የሚመከረውን ይገልብጡት፦ በሊፍት ይውጡ፣ በደረጃ ይውረዱ። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ የደረጃ ቁልቁለት ጉልበትን ሳያሳብጥ ካለፈ ሰውነትዎ ተዘጋጅቷል።

አራተኛ፦ ጫማ

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ እዚህ ላይ ያውጡ። ጃኬቱም ቦርሳውም ቤት ያለው ይበቃል።

የሰልባጅ ገበያ ላይ ጥሩ የተራራ ጫማ ይገኛል፤ አንዳንዱም ያልተነካ ይመስላል። ወጥመዱ ያ ነው። የብዙ ተራራ ጫማዎች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ከጊዜና ከእርጥበት ጋር በሚፈራርስ የፕላስቲክ አረፋ ነው፤ ጫማው ሳይደረግ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ውጫዊው ቆዳ እየበራ፣ የታችኛው ሶል ጥርሱ ሳያልቅ፣ መካከሉ ግን በሁለተኛው ሰዓት ጉዞ ላይ እንደ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጫማውን ገልብጠው በሶሉና በቆዳው መካከል ያለውን ክፍል በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ተጭኖ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ጥፍሩ ገብቶ ከቀረ ወይም ዱቄት ከወጣው ለሻጩ ይመልሱለት። ቀጥሎ ሶሉን በሁለት እጅ ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት የእግር ጣቶች ሥር ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም።

ልኩን ከሰዓት በኋላ ይሞክሩ፤ እግር እየዋለ ያብጣልና። ወፍራም ካልሲ አድርገው፣ እግርዎን ወደ ፊት ገፍተው፣ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ሱቁ ውስጥ ተዳፋት ነገር ካለ ፊትዎን ወደ ታች አድርገው ይቁሙበት፤ ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ ከነካ ጫማው ትንሽ ነው። ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጥፍርዎን ይቁረጡ። በጉዞው ቀን ደግሞ፣ መውረድ ከመጀመርዎ በፊት፣ የጫማውን ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርገው እንደገና ይሰሩ፤ ተረከዝ ወደ ኋላ ተይዞ ከቀረ ጣት ወደ ፊት አይሮጥም።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ በቀጥታ ተራራ አይውጣ። ስሜቱ የቀነሰ እግር ሲላጥ አያሳምምም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ካልሲው ደም ሲነካው ነው። ቤት ውስጥና ሐይቁ ዳር ለሁለት ሳምንት ያለማምዱት፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም እግርዎን፣ በጣቶች መካከል ያለውን ጭምር፣ ብርሃን ላይ ይመልከቱ።

አምስተኛ፦ ዱላ፣ ውኃና ስንቅ

ብዙ አዛውንት ከዘራ ይዞ መውጣት ያሳፍራቸዋል። ሁለት ዱላ ቁልቁለት ላይ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ ሩብ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል የተለካ ነው። ከሱቅ የሚገዛ የብረት ዱላ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ ዘንጎች ይበቃሉ። ለአቀበት ክርንዎ ዘጠና ዲግሪ እስኪታጠፍ፣ ለቁልቁለት ደግሞ ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይርዘም፤ የእንጨቱን ዱላ ሲወርዱ ከፍ አድርጎ መያዝ ያው ነው። ውሻ ሲመጣም ዱላ የያዘ ሰው ይከበራል።

ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ይያዙ፤ ሁለት አሮጌ የሃይላንድ ጠርሙሶች ለአጭር ጉዞ ይበቃሉ። ከዕድሜ ጋር የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ስለዚህ እስኪጠማዎት አይጠብቁ፣ በየሃያ ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ ይጠጡ። ልብ ወይም ኩላሊት ያመመው ሰው የውኃውን መጠን ከሐኪሙ ይስማ።

ስለ ስንቅ ብዙ የሚባል የለም፤ ቀድሞ ተብሏል። በሶ የመንገደኛ ምግብ ሆኖ የኖረው በምክንያት ነው፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ሙዝ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ጥርስ ያስቸገረው ሰው ቆሎውን ትቶ በሶውን ይያዝ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ደረቁና ለተራራ የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ በአብዛኛው በየካቲት ይገባል። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ባዶ ሆዱን ውኃ ሳይጠጣ አቀበት መውጣቱ ለጾሙም ለሰውነቱም አይበጅም። በሁዳዴም በረመዳንም ተራራውን ትቶ በሐይቁ ዳር ለዘብ ያለ ጉዞ ማድረግ ይሻላል። ታቦር ከፋሲካም ከዒድም በኋላ እዚያው አለ።

ስድስተኛ፦ ታቦር

የመጀመሪያው ጉዞ ታቦር ይሁን። አጭር ነው፤ ከየትኛውም ነጥብ ላይ ቤት ይታያል፣ የስልክ መስመር ይሠራል፣ ባጃጅ እስከ እግሩ ያደርሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሱ። ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብና መብረቅም ያመልጣሉ። አመሻሽ ላይ ብቻዎን አይውጡ፤ ሲጨልም ድንጋዩ አይታይም፣ ጅቡም የራሱ ሰዓት አለው።

አቀበቱ ላይ አንድ ደንብ ይበቃል፦ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እስኪያሰለችዎት ድረስ ቀስ ብለው ይሂዱ። ልብና የደም ሥሮች ሥራውን እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ያ ጊዜ ይረዝማል። ሩጦ ጀምሮ በየሃምሳ ሜትሩ ቆሞ ከሚያለከልከው ወጣት ይልቅ በአንድ ወጥ እርምጃ የሚሄዱት እናት ቀድመው ይደርሳሉ። ተዳፋቱን ፊት ለፊት አይጋፈጡት፤ እየተጠማዘዙ ይውጡት። ከብት የሚሄድበትን የእግር መንገድ ይከተሉ፤ ላም አቋራጭ አትወድም።

ጫፍ ላይ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላ በኩል ከተማው በሙሉ ይታያል። ለጸሎት የወጣ ሰው ካለ ራቅ ብለው ይቀመጡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይረፉ፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ ጡንቻ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ የዕለቱ ዋና ሥራ ይጀምራል። ማሰሪያውን አጥብቀው፣ ዱላውን አስረዝመው ይውረዱ። እርምጃዎ ያጠረ ይሁን፤ አንዱን ረጅም እርምጃ በሁለት አጭር ይለውጡት። ጉልበትዎ መሬት ሲረግጡ ትንሽ የታጠፈ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ የተቆለፈ ጉልበት ምቱን ወደ ዳሌና ወደ ወገብ ያስተላልፋል። ዱላው ከእግርዎ ቀድሞ መሬት ይንካ። ሰውነትዎን ወደ ኋላ አይጣሉ። ፍርሃት ወደ ኋላ ይስባል፤ ወደ ኋላ የተጣለ ሰው ግን ተረከዙ ይንሸራተትና በቂጡ ይወድቃል። አፍንጫዎ ከጫማዎ አፍንጫ በላይ ይሁን።

በዚህ አካባቢ ተራሮች ላይ ክፉው ነገር ጭቃ ብቻ አይደለም፤ በደረቅ ወቅት በጠንካራ መሬት ላይ የተበተነ ጠጠር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርሱ ጎንዎን ወደ ታች ሰጥተው፣ መላ የውስጥ እግርዎን አሳርፈው፣ እንደ ሸርጣን በጎን ይውረዱ። ቅርንጫፍ ይዞ መውረድ አይልመድብዎ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ እምነት አይጣልበትም። መልክዓ ምድሩን ለማየት ሲፈልጉ ቆመው ይዩ፤ ስልክ ከተጠራም ቆመው ያንሱ።

በማግስቱ ጭንዎን ያምዎታል፤ በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ይህ የጡንቻ ሕመም ነው፤ በሦስት አራት ቀን ይለቃል፤ ደግነቱ አንድ ጊዜ ያመመው ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያን ያህል አያምም። ሌላ ነገር የሚሆነው ጉልበቱ ራሱ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ከከዳዎት ነው፤ ያን ጊዜ ቁልቁለቱ ይቁም፣ ሐኪም ይይ።

ታቦርን በየሳምንቱ እየወጡ ሲወርዱ ጭንዎ የማያምበት ጊዜ ይመጣል። ወደ አላሙራ የሚያልፉት ያን ጊዜ እንጂ ሲወጡ ትንፋሽ ስላላጠረዎት አይደለም።

ሰባተኛ፦ አላሙራና ሰዓት

አላሙራ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማው ወደ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አቀበቱ በግርድፉ ሦስት መቶ ሜትር ነው። እዚህ ጉዞውን የሚመራው ጉልበት ሳይሆን ሰዓት ነው።

ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት። ቀመሩ ለበረታ ሰው ነው። ለጀማሪ አዛውንት ለሦስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ300 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ቢታሰብ ይሻላል። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ከመረጡ ሁለት ሰዓት ለርቀቱ፣ አንድ ሰዓት ለአቀበቱ፣ ግማሽ ሰዓት ለእረፍት፦ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የተነሳ ሰው 4 ሰዓት ላይ ታች ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመመለሻ ሰዓት ነው። ከቤት ሳይወጡ ይወስኑት፤ እንበል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ያ ሰዓት ሲሞላ የትም ቢደርሱ ይመለሱ፤ ጫፉ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ቢሆንም። ይህ ደንብ አብሮ የሚሄደውን ሁሉ ያናድዳል። ሆኖም ቁልቁለቱን በደከመ እግር ከመውረድ የሚያድነው ይህ ብቻ ነው።

ብቻዎን አይሂዱ። ሦስት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮ ይቆያል፣ አንዱ እርዳታ ይጠራል። የሚመራው ዘገምተኛው ይሁን። የወጡበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ነግረው፣ ያወረደዎትን ባለባጃጅ ስልክ መዝግበው ይሂዱ።

የተራራው ተዳፋት የሰው እርሻና ግጦሽ ነው። በአጥር ውስጥ አይለፉ፤ እንሰት የተተከለበት ጓሮ የቤት ያህል ነው። ሰላምታ ያስቀድሙ፤ ሁለት ሦስት የሲዳምኛ ሰላምታ የሚያውቅ ሽበታም እንግዳ መንገድ ከማሳየት አልፎ ወተት ይቀርብለታል። ልጆች ይከተላሉ፤ አንዱን መርጠው «መንገዱን አንተ ምራን» ቢሉት ሌሎቹን እሱ ይበትንልዎታል፤ የላቡን መስጠት ግን አይርሱ።

ስምንተኛ፦ ወንዶ ገነት

ወንዶ ገነት የሚሄዱት አላሙራን ለምደው ነው። ከሀዋሳ በሚኒባስ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዘው ይደርሳሉ፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርብ ከመጣ ሰው ይጠይቁ። ደኑ ውስጥ ዝግባና ዋንዛ አለ፤ ጉሬዛዎች ከላይ ይዘላሉ፤ ጦጣዎቹ ግን ስንቅ ነጣቂዎች ናቸው። ዱካዎቹ ስለሚቆላለፉ የአካባቢ መሪ ይያዙ፤ ዋጋውን ከመነሳት በፊት ይስማሙ፤ «ሁለት ሰዓት፣ ቀስ ያለ፣ ቁልቁለቱ ያልበረታ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። አለዚያ እሱ በራሱ እግር ልክ ይመራዎታል። ደን ውስጥ መሬቱ በደረቅ ወቅትም እርጥብ ነው፤ የወደቀ ቅጠል ሥር ያንሸራትታል፤ ዱላው የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ፍል ውኃው ከጉዞ በኋላ ያጓጓል። ወዲያው ግን አይግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ላብዎ ሲደርቅ ይግቡ። ሙቅ ውኃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ያወርዳል፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከውኃው ሲወጣ ግድግዳ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ተራራውን በሰላም ወርዶ መዋኛ ገንዳ ዳር የሚወድቅ ሰው አለ።

አደጋ ሲመጣ

ደረትን የሚጨብጥ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከእረፍት በኋላ የማይመለስ ትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዞው አብቅቷል። ሰውየውን ያስቀምጡ፣ አያራምዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ትንሽ ይረፍና ራሱ ይወርዳል» የሚል ሰው ካለ አይስሙት። ስኳር ያለበት ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይም ነገር ከተምታታበት ለመለካት ጊዜ ሳያባክኑ ስኳር ያቅምሱት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡት።

ቁርጭምጭሚት ከተጠማዘዘ ጫማውን አያውልቁ፤ ካበጠ በኋላ አይገባም። አራት እርምጃ በራሱ መሄድ የማይችል ሰው ስብራት ሊኖረው ስለሚችል ተሸክመው ያውርዱት፤ ራጅ ይነሳ።

ከዚህ በላይ ለሚመኝ

አላሙራም ወንዶ ገነትም የከፍታ ሕመም የሚያመጡ አይደሉም፤ ያ ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ባሌ ሌላ ነገር ነው፤ ሳኔቲ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ወደዚያ የሚያስብ የሀዋሳ ሰው በአንድ ቀን ከሐይቅ ዳር ተነስቶ ሳኔቲ ላይ አይራመድ። ቢያንስ አንድ ሌሊት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ አድሮ፣ በማግስቱ እዚያው አካባቢ ለዘብ ያለ ጉዞ አድርጎ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከሌለበት ብቻ ወደ ላይ ይቀጥል። ምልክቱ ከታየ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ።